ነፍስና ሥጋ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወደ ቅድስት ከተማ ኢየሩሳሌም የሚመጣ ተሳላሚ ሁለት ዓይነት ጓዝ ይዞ ይመጣል። አንደኛው የሚታየው ነው፤ ነጭ ልብሱ፣ የጸሎት መጽሐፉ፣ መቋሚያው፣ ለቤተሰቡ በረከት የሚወስድበት ዕቃ። ሁለተኛው ጓዝ በሚዛን አይመዘንም፤ ፈታሽም አያገኘውም። ያልወጣ ኀዘን ነው፤ ከቤት የራቀ ልጅ ሐሳብ ነው፤ ከወንድም ጋር የቆየ ቂም ነው፤ ሌሊት እየቀሰቀሰ ጣራ የሚያስቈጥር የነገ ስጋት ነው። በዚህ ሀገር በሥራ የሚኖረውም ምእመን ሳምንቱን ሙሉ ሲደክም ሰንብቶ ወደ ገዳም ሲመጣ ይህንኑ ጓዝ ተሸክሞ ይመጣል።

ይህን የማይታይ ሸክም የሚሸከመው ማን ነው? ብዙዎች ነፍስ ብቻዋን ናት ብለው ያስባሉ። ሸክሙ ግን በትከሻ ላይ ይታወቃል፤ በጨጓራ ይታወቃል፤ በራስ ምታትና በእንቅልፍ ማጣት ይታወቃል። እንደዚሁም የሥጋ ድካም በሥጋ ብቻ አይቀርም። ያልተኛና የተጠማ ሰው ጸሎቱ ይበተንበታል፤ በትንሽ ነገር ይቈጣል፤ ተስፋው ይጠብበታል። የነፍስ ሕማም ወደ ሥጋ ይወርዳል፤ የሥጋም ድካም ወደ ነፍስ ይወጣል። ይህን ያላስተዋለ ተሳላሚ በሥጋው ላይ ጨክኖ ነፍሱን የጠቀመ ይመስለዋል፤ ወይም ሥጋውን ሲያስታምም የነፍሱን ቍስል ይረሳል። ሁለቱም ጉዳት አላቸው።

ሰው አንድ ነው

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን የሰው ተፈጥሮ ከሰባት ባሕርያት ነው ብለው ያስተምራሉ። አራቱ የሥጋ ባሕርያት ናቸው፤ እነርሱም መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት ናቸው። ሦስቱ የነፍስ ባሕርያት ናቸው፤ እነርሱም ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት ናቸው። ሰው ስታስብ፣ ስትናገርና በሕይወት ስትኖር የምትታወቅ ነፍስ አለችው፤ የሚርበው፣ የሚሞቀው፣ የሚበርደውና የሚደክመው ሥጋም አለው። ነገር ግን ሁለት ሰው አይባልም። አንዱ ሲያዝን ሌላው አይስቅም፤ አንዱ ሲሰግድ ሌላው ቁጭ ብሎ አይመለከትም። ሰው ያለ ሥጋው ሰው አይባልም፤ ያለ ነፍሱም በድን ነው።

ቅዱስ ቄርሎስ ዘእስክንድርያ መለኮትና ትስብእት ያለ መለየት ያለ መቀላቀል አንድ የሆኑበትን ምሥጢር ሲያስረዳ ምሳሌ አድርጎ ያመጣው የነፍስንና የሥጋን ተዋሕዶ ነው። ይህ ለተዋሕዶ ልጅ ታላቅ ነገር ነው። በየዕለቱ ሲነሣና ሲተኛ በገዛ ራሱ የሚያየው የነፍስና የሥጋ አንድነት ሊቃውንት ለታላቁ ምሥጢር ምሳሌ ሊያደርጉት የበቃ ነው። እንግዲያውስ እንደዚህ የከበረውን አንድነት እንደ ሁለት ጠላቶች ቈጥሮ እርስ በርሱ ማዋጋት አይገባም።

ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስም ነፍስን ብቻ ነሥቶ አልመጣም፤ ሥጋንም ነሣ እንጂ። በመንገድ ደክሞት በሰማርያ በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ እንደ ተቀመጠ ቅዱስ ዮሐንስ ጽፏል፤ በጀልባ ውስጥ ራሱን በትራስ ላይ አድርጎ እንደ ተኛ ቅዱስ ማርቆስ ጽፏል። ሐዋርያቱ ብዙ ሰው ከመምጣቱ የተነሣ እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ብቻቸውን ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ያዘዛቸው እርሱ ነው (ማር. 6፥31)። ዕረፍትን ያዘዘው የዓለሙ ሁሉ ሥራ የሚጠብቀው ጌታ ነበር። ከዚህም በላይ በትንሣኤ ሙታን የምናምን ሁሉ ሥጋ እንደ አሮጌ ልብስ ተጥሎ የሚቀር እንዳልሆነ እናምናለን። የሚነሣ ነገር አይናቅም።

አማርኛ የመሰከረው

የነፍስና የሥጋ ዝምድና ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ወሬ አይደለም፤ ከእናቱ አፍ የሰማው ነው። ያዘነ ሰው ሆዴ ባባ ይላል፤ የተናደደ ቆሽቴ አረረ ይላል፤ የደነገጠ ሐሞቴ ፈሰሰ፣ ጕልበቴ ከዳኝ ይላል፤ የራራ አንጀቴ ተላወሰ ይላል። ታጋሹ ሆደ ሰፊ ነው፤ ቂመኛው ሆዱ ቂም የቋጠረ ነው፤ ምሥጢሩን የዋጠ ሰው ሆድ ይፍጀው ብሎ ያልፋል። አባቶችና እናቶች የሐኪም ትምህርት ሳይማሩ ኀዘን በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚያድር ያውቁ ነበር።

የዛሬ ሐኪሞችም ይህንኑ በራሳቸው መንገድ ያስረዳሉ። የሚፈራ ሰው ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ ጡንቻው ይወጠራል፤ ትንፋሹ ያጥራል። ይህ ለአደጋ ጊዜ የተሰጠ ጥበቃ ነው፤ አውሬ ያየ ሰው እንዲሮጥ ያደርገዋል። አውሬው ካለፈ በኋላ ግን ሰውነት ወደ ዕረፍቱ መመለስ አለበት። ስጋቱ ለወራትና ለዓመታት ሲቀመጥ ሰውነት አውሬ እንዳየ ሆኖ ይሰነብታል፤ እንቅልፍ ይሸሻል፤ የምግብ መፈጨት ይታወካል፤ የደም ግፊት ይጨምራል። ጠቢቡ ሰሎሞን ደስ ያለው ልብ እንደ መልካም መድኃኒት መሆኑን፣ ያዘነ መንፈስ ግን አጥንትን እንደሚያደርቅ የተናገረው (ምሳ. 17፥22) ይህንኑ ነው።

ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች

ይህን ትምህርት ከማንም ይልቅ በገዛ ራሱ ያሳየው ነቢዩ ኤልያስ ነው። ታሪኩ የተፈጸመው ተሳላሚው ዛሬ በሚረግጣት ምድር ነው (1ኛ ነገ. 18 እና 19)። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ 450 የበኣል ነቢያት በተሰበሰቡበት እሳት ከሰማይ ወረደ። ከዚያም ዝናብ መጣ፤ ነቢዩም ወገቡን ታጥቆ በአክዓብ ሠረገላ ፊት እስከ ኢይዝራኤል ድረስ ሮጠ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን መንገድ ነው። በማግሥቱ ኤልዛቤል ልትገድለው ማለች። እርሱም ነፍሱን ለማዳን ወደ ደቡብ እስከ ቤርሳቤህ ሸሸ፤ አገልጋዩን በዚያ ተወና ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ያህል ወደ ምድረ በዳ ገባ። ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦም ሞትን ለመነ።

ትናንት እሳት ያወረደ ነቢይ ዛሬ መኖርን ጠላ። ሃይማኖቱ ጠፍቶ ነውን? አይደለም፤ ሞትን እንኳ የለመነው ከእግዚአብሔር ነው። እርሱ የሮጠ፣ ያልበላ፣ ያልተኛ፣ የፈራና ብቻውን የቀረ ሰው ነበር። ከታላቅ ሥራ በኋላ የሚመጣ ድካም አለ፤ ከታላቅ በዓል በኋላ የሚመጣ ብቸኝነት አለ። በዚያን ሰዓት የሚመጣው የጨለመ ሐሳብ ለሰውየው እውነት ይመስለዋል፤ ግማሹ ግን የድካሙ ድምፅ ነው።

እግዚአብሔር ነቢዩን እንዴት እንዳከመው በቅደም ተከተሉ ማየት ይገባል። በመጀመሪያ አልገሠጸውም፤ እምነትህ የት ሄደ ብሎም አልወቀሰውም። ተኛ፤ ይተኛ ዘንድ ተወው። ቀጥሎ መልአኩ ዳሰሰው፤ በራሱ አጠገብ በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፤ ጠጣ፤ እንደ ገና ተኛ። መልአኩም ለሁለተኛ ጊዜ ቀሰቀሰው፤ ምክንያቱንም ነገረው፦ የሚሄድበት መንገድ ከኃይሉ በላይ ሩቅ ነበርና። መልአክ ከሰማይ ወርዶ ያደረገው የመጀመሪያ አገልግሎት ስብከት አልነበረም፤ ዳቦና ውኃ ማቅረብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነቢዩ ተጓዘ፤ 40 ቀንና 40 ሌሊት እስከ ኮሬብ ድረስ በእግሩ ሄደ። በዋሻው ሲያድርም እግዚአብሔር በዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። የሁሉን ልብ የሚያውቅ አምላክ መጠየቁ ላለማወቅ አይደለም፤ የታመቀው እንዲወጣ ነው እንጂ። ኤልያስ ኀዘኑን ሁሉ ተናገረ፤ ብቻውን እንደ ቀረ፣ ነፍሱንም እንደሚሹ ተናገረ። ነፋስ፣ የምድር መናወጥና እሳት ካለፉ በኋላ በዝምታ ድምፅ ሲጠየቅም ያንኑ ኀዘን ደግሞ ተናገረ። እግዚአብሔርም አሁንስ ነግረኸኛል ብሎ አላቋረጠውም፤ ሁለት ጊዜ ሰማው።

በመጨረሻም ሦስት ነገር ሰጠው። የሚሠራው ሥራ ሰጠው፤ ተነሥቶ እንዲሄድና እንዲቀባ አዘዘው። ብቻዬን ቀረሁ ላለው ሰው ለበኣል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው። ጓደኛም ሰጠው፤ ኤልሳዕን። እንግዲህ የነቢዩ ፈውስ ይህ ነው፦ እንቅልፍ፣ እህልና ውኃ፣ የእግር መንገድ፣ የሚሰማ ጆሮ፣ የሚሠራ ሥራ፣ ማኅበርና ባልንጀራ። የእግዚአብሔር ድምፅ በእነዚህ መካከል መጣ። ነፍሱን ያዳናት ሥጋውን ሳይረሳ ነው።

ተስፋ የቈረጠ ወንድም ወይም እኅት ያለው ሰው ከዚህ ቅደም ተከተል ይማር። መቼ እንደ ተኛና መቼ እንደ በላ ሳይጠይቁ መገሠጽ መጀመር የመልአኩን ሥራ መዝለል ነው። ሞትን የሚመኝ ሰው ባጋጠመ ጊዜም ብቻውን ሊተዉት አይገባም፤ ከካህኑም ከሐኪሙም ዘንድ ፈጥኖ ማድረስ ይገባል።

ጾምና ስግደት ሥጋን ለመግደል አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሥጋ እንዲህ ከከበረ ጾሙና ስግደቱ፣ ሌሊቱን መቆሙ ለምንድር ነው? መልሱ ሥጋም ከነፍስ ጋር እንዲጸልይ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ በእነዚህ ቀናት መገዛትን ይማራል። ተሳላሚው በስቅለት ዓርብ ሲሰግድ ግንባሩ መሬት በነካ ቍጥር ትዕቢቱ አብሮ ይወርዳል። 41 ጊዜ እግዚኦ ሲባል ትንፋሹ ይረጋል፤ የተበተነው አሳቡ ወደ አንድ ቃል ይሰበሰባል። በማኅሌት ሲቆም እጁም እግሩም ድምፁም አንድ ሆነው ያመሰግናሉ። ቤተ ክርስቲያን ለነፍስ ብቻ የሚሆን ጸሎት አላዘጋጀችም፤ በእጣኑ ለአፍንጫ፣ በሥዕሉ ለዐይን፣ በዜማው ለጆሮ፣ በቅዱስ ቍርባኑ ለመላው ሰውነት ሠርታለች።

ማስገዛት ግን ማጥፋት አይደለም። ከታላቁ አባት ከአባ እንጦንስ የሚነገር ታሪክ አለ። አንድ አዳኝ አባ እንጦንስን ከመነኰሳቱ ጋር ሲጫወት አይቶ በልቡ ነቀፈው። አባ እንጦንስም ቀስቱን እንዲወጥር አዘዘው፤ ደግሞ እንዲወጥር አዘዘው፤ ለሦስተኛ ጊዜም አዘዘው። አዳኙ ከልክ በላይ ቢወጠር ቀስቱ ይሰበራል አለ። አባታችንም የእግዚአብሔር ሥራ እንዲሁ መሆኑን፣ ወንድሞችን ከልክ በላይ ቢወጥሯቸው እንደሚሰበሩ አስረዳው። ያው አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ጭንቀትና ስልቹነት በያዘው ጊዜ መልአክ ተቀምጦ ገመድ ሲገምድ፣ ከዚያም ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶም ተቀምጦ ሲሠራ አሳየው። እንደዚህ ቢያደርግ እንደሚድን ተረዳ። የገዳም ሕይወት አባት ከጭንቀቱ የወጣው ሥራንና ጸሎትን፣ መቀመጥንና መነሣትን በማፈራረቅ ነው።

ስለዚህ የጾም ሥርዓት የታመመን ሰው በጤነኛው ሸክም አያስጨንቅም። ሐዋርያዊው ቀኖና ጾምን አጽንቶ ሲያዝ በሥጋ ሕመም የደከመውን ለይቶታል። በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት እንዲህ ያለች እናት አትጠፋም፦ ለብዙ ዓመት ገንዘብ አጠራቅማ የመጣች፣ የስኳር ሕመም ያለባት፣ ሰዓቱ ሲደርስ መድኃኒቷንና ምግቧን መውሰድ ያለባት። ጎልጎታን ሳልሳለም እህል አልቀምስም ብላ ትሳላለች፤ መድኃኒቱንም በቦርሳዋ ትተወዋለች። ልቧ ንጹሕ ነው፤ ፍቅሯም እውነተኛ ነው። ነገር ግን በደረጃው ላይ ራሷን ስታ ብትወድቅ ስእለቷ ተፈጸመ አይባልም። ለእንዲህ ያለች እናት የንስሐ አባቷ ቀድሞ ቢጠየቅ የሚሰጣት መልስ አለው፤ በሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒትና ከእርሱ ጋር የሚቀመስ ቍራሽ እንጀራ የታዛዥነት ጾም ይሆንላታል። ለእግዚአብሔር ከመብል መከልከል ይልቅ ትሕትና ይበልጥበታል፤ ድካምን ማመንም ትሕትና ነው።

መድኃኒትን ከሃይማኖት ጋር የሚያጣላ ትምህርት ከአባቶች አልተገኘም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ መድኃኒትም ከምድር እንደ ተገኘ ያስተምራል፤ በሽተኛው ይጸልይ፣ ለሐኪሙም ስፍራ ይስጥ ይላል እንጂ አንዱን ለአንዱ አያስጥልም። ቅዱስ ጳውሎስ ለሚወደው ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱና ስለ ተደጋገመው ሕመሙ መክሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር። በሀገራችንም የኤች አይ ቪ ሕሙማን በእንጦጦ ማርያም ጠበል በብዛት በሚጠመቁበት ዘመን ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል። ጠበሉም መድኃኒቱም ከአንድ ቸር እጅ የሚመጡ ናቸው።

ዝምታ ያደረቀው አጥንት

ሥጋን መናቅ አንድ ስሕተት እንደ ሆነ ሁሉ ሥጋን ብቻ ማየትም ሌላ ስሕተት ነው። ከሐኪም ወደ ሐኪም የሚዞር፣ ምርመራው ሁሉ ደኅና ነህ የሚለው፣ ነገር ግን ሕመሙ የማይለቀው ሰው አለ። ሕመሙ ሐሰት አይደለም፤ በእውነት ያመዋል። ምንጩ ግን ያልተነገረ ኀጢአት፣ ያልተለቀሰ ኀዘን ወይም ያልተፈታ ቂም ሊሆን ይችላል። ልበ አምላክ ዳዊት በ31ኛው መዝሙሩ (በዕብራውያኑ ቍጥር 32) ይህን በራሱ ላይ አይቶ መስክሯል። ኀጢአቱን ሸሽጎ ዝም ባለ ጊዜ አጥንቱ አረጀ፤ ኃይሉም በበጋ ትኵሳት እንደ ተቃጠለ ሣር ደረቀ። በደሉን በተናገረ ጊዜ ግን ይቅርታን አገኘ። ዝምታው አጥንት ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ንስሐውም አጥንት ድረስ ዘለቀ።

ንስሐ ለነፍስ የታዘዘች መድኃኒት ናት፤ ነገር ግን ከንስሐ አባቱ ፊት ተንበርክኮ ሸክሙን ያራገፈ ሰው በዚያች ሌሊት እንዴት እንደሚተኛ ያውቀዋል። ይቅርታም እንዲሁ ነው። ቂም የያዘ ሰው ጠላቱን በሆዱ አስቀምጦ የሚቀልብ ነው፤ ጠላቱ ተኝቶ ያድራል፤ ቂመኛው ግን ነቅቶ ያድራል። ለቀብር የማይደርስበት በስደት ሀገር ሆኖ የወላጁን ሞት የሰማ ሰው ደግሞ ሌላ ሸክም አለበት። ልቅሶው በጕሮሮው ቀርቷል። ቅድስት ሀገር እንዲህ ያለውን እንባ ለማፍሰስ የተመቸች ናት፤ ጌታ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ያለቀሰባት ቢታንያ ከኢየሩሳሌም ሩቅ አይደለችም። አምላክ ያለቀሰበት ቦታ ማልቀስ ድካም አይባልም።

ይሁን እንጂ ሕመም ሁሉ ከሕመምተኛው ኀጢአት የተነሣ ነው ማለት አይቻልም። ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው በሰሊሆም ከመታጠቡ በፊት ደቀ መዛሙርቱ ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ ጌታም በእርሱም በወላጆቹም ኀጢአት እንዳልሆነ ነገራቸው (ዮሐ. 9)። በተለይ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ቤተሰቡ እንደ ነውር ሊሸሽገው፣ ጎረቤቱም ሊፈርድበት አይገባም። የታመመ አእምሮ እንደ ታመመ ጉበት ነው፤ ጸሎትም ሐኪምም ፍቅርም ያስፈልገዋል።

ቤተ ሳይዳና የጌታ ጥያቄ

ከቅድስት ከተማ በሮች አንዱ በሆነው በአንበሶች በር አጠገብ፣ ከቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ጎን፣ የቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ፍርስራሽ ይታያል። የዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት በስሙ የሚጠራው መጻጕዕ 38 ዓመት ሙሉ የተኛው በዚያ ነበር (ዮሐ. 5)። ጌታ ወደ እርሱ ቀርቦ ገና እጁን ሳይዘረጋ ሊድን ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው። ለ38 ዓመት በአልጋ ላይ ለኖረ ሰው ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ጌታ የሰውየውን ፈቃድ፣ የደነዘዘ ተስፋውንና የደከመ ልቡን እየቀሰቀሰ ነበር። እርሱም እወዳለሁ አላለም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ። ከእግሩ ሕመም በላይ የጐዳው ሰው ማጣቱ ነበር። ጌታም ሁለቱንም ፈወሰ፤ ሰው ለሌለው ሰው ሆነለት፤ ከዚያም አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ አዘዘው።

ተሳላሚው በዚያ ሲቆም ጥያቄው ለእርሱም እንደ ቀረበ ያስተውል። ሰው ለብዙ ዓመት ካቀፈው ኀዘን ጋር ይላመዳል፤ ያለ እርሱ መኖር ያስፈራዋል። ደግሞም ዙሪያውን ይመልከት፤ ምናልባት በመጠመቂያው ዳር የሚያወርደው ሰው ያጣ ሌላ መጻጕዕ አጠገቡ ቆሞ ይሆናል።

ለተሳላሚው የሚበጅ

ይህ ሁሉ በመንገድ ላይ በጥቂት ነገር ይፈጸማል። ኢየሩሳሌም ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ኢያሪኮ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ብላለች። በአንድ ማለዳ ከ1000 ሜትር ያላነሰ ቁልቁለት ወርዶ ወደ ዮርዳኖስ የሚሄድ ሰው ሙቀቱ ሳይሰማው ውኃ ያልቅበታል። ስለዚህ በጾም ያልተከለከለ ሁሉ ጠጥቶ ይውረድ፤ ጥላም አይናቅ። በዚያው መንገድ ላይ ነው ደጉ ሳምራዊ የተደበደበውን ሰው ቍስል በዘይትና በወይን ያጠበው፤ በእንስሳው ላይ ያስቀመጠው፤ ለማደሪያውም የከፈለው። ምሕረቱ በእጁ የሚዳሰስ ነበር።

በዴር ሱልጣን ከአርባዕቱ እንስሳና ከቅዱስ ሚካኤል ቤተ ጸሎት ወደ ጎልጎታ አደባባይ የሚወርዱት ደረጃዎች ጠባብ ናቸው፤ ወጣቱ ለሽማግሌው ክንዱን ይስጥ፤ ቀድሞ ለመድረስ መጋፋት በረከት አያመጣም። እግሩ የማይችል ሰው በቅዳሴ ጊዜ ቢቀመጥ አይፈር፤ የሚቆመውም የተቀመጠውን አይፍረድ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስሙንና ሰዓቱን ለጓደኛው ይንገር። የአንዱ ቀን ጕዞ ሲያልቅ ሌላውን ለመያዝ ሌሊቱን በወሬ አይጨርስ፤ እንቅልፍም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። በጌቴሴማኒ ሲቆም ደግሞ ያን ሌሊት ያስብ። ሐኪሙ ወንጌላዊ ቅዱስ ሉቃስ ብቻ ነው ደቀ መዛሙርቱ ከኀዘን የተነሣ እንደ ተኙ የጻፈው (ሉቃ. 22፥45)። ጌታም ደጋግሞ ሲቀሰቅሳቸው መንፈስ እንደምትዘጋጅ፣ ሥጋ ግን ደካማ መሆኑን ነገራቸው። ድካማቸውን ዐወቀላቸው፤ ነገር ግን በድካማቸው እንዲቀሩ አልተወም፤ ተነሥተው እንዲጸልዩ አዘዘ።

ወደ ቤቱ ሲመለስም ያገኘውን በየዕለቱ ይያዘው። ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን በመስቀል ምልክት አማትቦ ይጀምር፤ በሥራው መካከል ጥቂት ቆም ብሎ ጸሎት ያድርስ፤ ማዕዱን ከሰው ጋር ይቍረስ፤ በዕለተ ሰንበት ከሥራው ይረፍ፤ የተቀየመውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ያስታርቅ፤ የታመመውን ይጠይቅ። የራሱን ሕመም የረሳ ብዙ ሰው የሌላውን ሕመም ሲጠይቅ ነው የረሳው።

ይህን ያደረገ ተሳላሚ በመጣበት ሻንጣ በረከት ይዞ ይመለሳል፤ ሁለተኛውን ጓዝ ግን በጎልጎታ ትቶት ይሄዳል። ቢያንስ ብቻውን አይሸከመውም።

ኤልያስን በምድረ በዳ የመገበ፣ መጻጕዕን ከአልጋው ያስነሣ አምላክ የተሳላሚዎችን ሁሉ ነፍስ በንስሐ፣ ሥጋቸውንም በጤና ይጠብቅ። በሕመም ያሉትን ይማር፤ በኀዘን ያሉትን ያጽናና፤ በስደት ያሉትን ይሰብስብ። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።